ለቀድሞ የፊልም ካሜራ የሰፊ ማዕዘን ሌንስ አመራረጥ

የሰፊ ማዕዘን ቋሚ ሌንስ ከመደበኛው ሌንስ የበለጠ ስፋት ያለው እይታ በፊልም ላይ የሚያሳርፍ፣ የትኩረት ርቀቱም እንደ ዙም የማይለዋወጥ ሌንስ ነው። ክፈፉ 24 በ36 ሚሊ ሜትር በሆነው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መደበኛ የሚባለው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲሆን፣ 35፣ 28፣ 24፣ 21 እና 20 ሚሊ ሜትር የሆኑት ከሰፊ ማዕዘን ወገን ይመደባሉ። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ለተሠሩ ካሜራዎች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቋሚ ሌንስ የሚመረጠው በቂ ምክንያት ስላለ ነው፤ የዚያ ዘመን ሰፊ ዙሞች ከባድ ነበሩ፣ ብርሃን የሚያስገቡት በቁጠባ ነበር፣ በክፈፉ ጠርዝም ቀጥ ያለውን መስመር ያጎብጡ ነበር።

በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት በሜትር ሲለካ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከአንድ ግድግዳ 3 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ካሜራውን አግድም ይዞ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 2.2 ሜትር ያህል ስፋት ያነሳል። በ35 ሲሆን 3.1፣ በ28 ደግሞ 3.9፣ በ24 ሲሆን 4.5 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ከ28 ወደ 24 መውረድ በቁጥር ትንሽ ቢመስልም በጠባብ ክፍል ውስጥ ብዙ ያተርፋል። ሆኖም ስፋቱ ዋጋ አለው። ሰፊ ሌንስ የያዘ ሰው ክፈፉን ለመሙላት ወደ ሰው ወይም ወደ ዕቃ ይጠጋል፤ ሲጠጋም የቀረበው እጅግ ገዝፎ፣ የራቀው እጅግ አንሶ ይታያል። ይህን የሚያመጣው ርቀቱ ነው እንጂ ሌንሱ አይደለም። በጠርዝ በኩል የቆመ ሰው ፊት መለጠጡ ግን ከሰፊው ማዕዘን የሚመጣ ነው፤ በ35 ብዙም አይታወቅም፣ በ24 እና ከዚያ በታች በግልጽ ይታያል። ካሜራው ወደ ላይ ካዘነበለም ሕንፃዎች ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ።

ሌንሱን ከመምረጥ በፊት የካሜራውን ዓይነት ማወቅ ይገባል፤ የሰፊ ሌንስ አሠራር በካሜራው አካል ተወስኗልና። በባለ መስታወት ካሜራ፣ ኤስ ኤል አር በሚባለው፣ ከፊልሙ ፊት ለፊት የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት አለ። በኒኮን ኤፍ ከሌንስ መግጠሚያው እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 46.5 ሚሊ ሜትር ነው። በተለመደው አሠራር 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከፊልሙ 28 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ መቀመጥ ነበረበት፤ መስታወቱ ግን ቦታውን ይዞታል። መፍትሔው ሬትሮፎከስ የተባለው ንድፍ ሆነ፦ ከፊት ብርሃንን የሚበትን፣ ከኋላ የሚሰበስብ የመስታወት ቡድን በማድረግ ሌንሱ ከፊልሙ ርቆ እንዲሠራ ማስቻል። በ1950 ፈረንሳዊው ፒየር አንዥኒዩ በዚህ ንድፍ የ35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.5 ሌንስ (ኤፍ የብርሃን ማስገቢያው ስፋት ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል) አቀረበ፤ ጥቂት ቆይቶም በምሥራቅ ጀርመን ካርል ዛይስ የና ፍሌክቶጎን የተባለውን ሌንስ አወጣ። ለኒኮን ኤፍ መጀመሪያ የቀረበው 21 ሚሊ ሜትር ግን ይህን ንድፍ አልተከተለም፤ የኋላ ክፍሉ ወደ ካሜራው ሆድ ስለሚገባ መስታወቱ ተነስቶ መቆለፍ፣ እይታውም በተጨማሪ መመልከቻ መታየት ነበረበት። ሬትሮፎከስ ሌንሶች በቅርብ ርቀት ጥራታቸው ይቀንስ ስለነበር ኒኮን በ1967 ባወጣው 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ላይ ትኩረት ሲስተካከል የውስጥ መስታወቶች ለየብቻ እንዲንቀሳቀሱ አደረገ። በቅርብ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከሌንሱ በተለየ መመልከቻ የሚታይበት ሬንጅፋይንደር ካሜራ ግን የሚነሳና የሚወድቅ መስታወት ስለሌለው ሌንሱ ለፊልሙ ሊቀርብ ይችላል። ሉድቪግ ቤርተለ የነደፈው የዛይስ ቢዮጎን 21 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4.5 ቀጥ ያሉ መስመሮችን ቀጥ አድርጎ በማሳየት እስከ ዛሬ ይወደሳል። በዚህ ወገን ያለው ችግር መመልከቻው ነው። የ1954ቱ ላይካ ኤም 3 ለ35 ሚሊ ሜትር የክፈፍ መስመር የለውም፤ ኤም 2 አለው፤ ለ28 ግን በ1980 የወጣውን ኤም 4 ፒ መጠበቅ ግድ ሆኗል። ኤም 3 ያለው ሰው 28 ከገዛ ውጫዊ መመልከቻም ይገዛል።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት መግጠሚያው ላይ ነው። አንድ ዓይነት ስም መያዙ ሁልጊዜ ይገጥማል ማለት አይደለም። ኒኮን በ1977 ኤ አይ የተባለውን አሠራር ሲያመጣ የድሮዎቹ ሌንሶች የኤፍ ቁጥር ቀለበት ካልተስተካከለ በኤፍ ኤም 2 እና በኤፍ ኢ 2 ላይ አይገጠሙም፤ በግድ ቢሞከር የካሜራው ብርሃን መለኪያ ምላስ ሊሰበር ይችላል። ምላሱ የሚታጠፍባቸው ኤፍ ኤምና ኤፍ ኢ ግን ይቀበሏቸዋል። ኤም 42 የተባለው ጠመዝማዛ መግጠሚያ ደግሞ ከፕራክቲካ እስከ ፔንታክስ ስፖትማቲክ በብዙ ካሜራ ይሠራል፤ በርካታ ጥሩ የፔንታክስ ታኩማር ሌንሶችና ፍሌክቶጎኖች የሚገኙትም በዚህ መግጠሚያ ነው። በማገናኛ ወደ ፔንታክስ ኬ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የሁለቱ የፊልም ርቀት እኩል 45.46 ሚሊ ሜትር ነው። በኒኮን ላይ ግን ተጨማሪ መስታወት የሌለው ማገናኛ የሩቁን ጥርት አድርጎ አያሳይም።

የብርሃን መጠንን በተመለከተ ኤፍ 2.8 ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ኤፍ 2 መመልከቻውን ያደምቃል፣ በምሽትም ይረዳል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል። ኤፍ 3.5 የሆኑ የድሮ 28ዎች በቀን ብርሃን ድንቅ ሲሆኑ፣ በመመልከቻው መካከል ያለው የተሰነጠቀ ምስል በደበዘዘ ክፍል ውስጥ ሊጠቁርባቸው ይችላል። ሰፊ ሌንስ እጅ መንቀጥቀጥን ይታገሳል፤ በ28 የሰከንድ 1/30 በእጅ ይቻላል። በ28 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 8፣ ትኩረቱን 3.3 ሜትር ላይ ካደረጉት ከ1.65 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ያለው በአጥጋቢ ሁኔታ ጥርት ይላል። ለመንገድ ፎቶ አንሺ ይህ ፍጥነት ነው፤ አሜሪካዊው ጋሪ ዊኖግራንድ 28ን የሥራው ዋና መሣሪያ አድርጎታል።

የአሮጌ ሌንስ ጤንነት ከስሙ ይበልጣል። ዳያፍራሙን፣ ማለትም የብርሃን ማስገቢያውን ቀዳዳ፣ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ በብርሃን ፊት ማየት ይገባል፦ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ሻጋታ ነው፤ ወተት የመሰለ ጭጋግ ንፅፅርን ይገድላል፤ በጠርዝ በኩል የሚታይ ቀስተ ደመና ሙጫው የለቀቀ መሆኑን ያመለክታል። የዳያፍራም ቅጠሎች ላይ ዘይት ካለ ቅጠሎቹ በፍጥነት አይዘጉም፣ ፊልሙም ከሚገባው በላይ ብርሃን ያገኛል። ቶሪየም ባለበት መስታወት የተሠሩ አንዳንድ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሌንሶች በጊዜ ብዛት ይቢጫሉ፤ ለጥቁርና ነጭ ፊልም ችግር አይደለም፣ ለቀለም ፊልም ግን ምስሉን ያሞቃል፣ በፀሐይ ብርሃን ማቆየት ብዙውን ጊዜ ይቀንሰዋል። ጥቂት አቧራና የፊት መስታወት ላይ ያለ ቀጭን ጭረት ግን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

አንድ ሌንስ ብቻ ለሚገዛ ሰው 35 ሚሊ ሜትር ሁሉን የሚችል ምርጫ ነው፤ 50 ለያዘና ሁለተኛ ለሚፈልግ ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ይሻላል፣ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያልና። በኒኮን ቤት ከ1981 ጀምሮ የተሠራው ኤ አይ ኤስ የተባለው 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ከወገኖቹ ሁሉ ቀድሞ ሊፈለግ የሚገባው ነው።