መጠለያና ሙግት፦ ለአእምሮ ሕሙማን የቆሙ ማኅበራት ሁለት ታሪኮች

«ዕብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል የአበው ተረት። አባባሉ ላይ ላዩን ሲታይ ስለ ሕመም የተነገረ ይመስላል፤ ጠልቆ ለተመለከተው ግን ስለ ምስክርነት የተሰጠ ፍርድ ነው። አእምሮው አንድ ጊዜ የታወከ ሰው ቢረጋጋም፣ ቢድንም፣ ጤናው ለግማሽ ቀን የተዋሰው እንደ ሆነ፣ ቃሉም ሚዛን እንደማይደፋ አስቀድሞ ይበይናል። ይህ ብይን የሐበሻ ብቻ አይደለም። ለንደንም፣ ኒው ሄቨንም በየዘመናቸው በራሳቸው ቋንቋ ብለውታል።

ለአእምሮ ሕሙማን የተቋቋሙ የበጎ አድራጎት ማኅበራት ከመጀመሪያው አንሥቶ ሁለት ሥራ ነበራቸው። አንደኛው መርዳት ነው፦ ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ማሳከም፣ ማስጠለል። ሁለተኛው መሟገት ነው፦ ሕግ እንዲለወጥ መጠየቅ፣ በጀት መከታተል፣ የታሰረው ሰው ለምን እንደ ታሰረ መመርመር። ሁለቱ አንድ ዓላማ ቢኖራቸውም ዕድላቸው አንድ አልሆነም። የመጀመሪያው ምርቃት ሲያተርፍ ሁለተኛው ጠላት ያፈራል፤ ስለዚህም የመጀመሪያው ሲሰነብት ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በአጭር ይቀጫል። በውጭ አገር ሆኖ ገንዘቡን ወደ ኢትዮጵያ ለሚልክ ወገን ይህ ልዩነት የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ

በብሪታንያ ታሪክ በሰው እጅ የተገደለው ብቸኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ስፔንሰር ፐርሲቫል ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1812 ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከልጆቹ አንዱ፣ የቀድሞው የጦር መኮንን ጆን ፐርሲቫል፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ አእምሮው ታወከ። ቤተ ሰቡ በመጀመሪያ በብሪስቶል አጠገብ ብሪስሊንግተን ሃውስ፣ ከዚያም በሳሴክስ ታይስኸርስት በተባሉ የግል ማቆያዎች አስገባው። ሁለቱም ለባለጸጎች የተሠሩ፣ በዘመኑም የተመሰገኑ ቤቶች ነበሩ። እርሱ ግን ከወጣ በኋላ በ1838 እና በ1840 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት በውስጣቸው ምን እንደሚደረግ ገለጠ፦ መታሰሩን፣ በቀዝቃዛ ውኃ መደፈቁን፣ ከሁሉም በላይ ፈቃድና ምኞት እንደሌለው የቤት ዕቃ መቆጠሩን።

በ1845 ፐርሲቫልና እንደ እርሱ ከማቆያ የወጡ ሰዎች ከደጋፊዎቻቸው ጋር ሆነው አንድ ማኅበር መሠረቱ። ስሙ በአማርኛ ቢመለስ «ዕብድ ናቸው የተባሉ ሰዎች ወዳጅ ማኅበር» ነው። ሙግቱ ሁሉ «የተባሉ» በምትለው ቃል ውስጥ አለ። ማነው ያለው? በምን ማስረጃ? የተባለውስ ሰው መልስ የሚሰጥበት ሸንጎ የት ነው? በዚያው ዓመት የብሪታንያ ፓርላማ ማቆያዎችን የሚቈጣጠር ኮሚሽን በሕግ አቋቁሞ ነበር፤ ማኅበሩም ኮሚሽኑን ራሱን ከመተቸት አልቦዘነም። ከሰባ የማያንሱ ሕሙማንን ጉዳይ ያዘ፤ አቤቱታ ጻፈ፣ ጠበቃ አቆመ። ፐርሲቫል በ1859 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ መሰከረ፤ ራሱንም የንግሥቲቱ ዕብዶች ሁሉ ዐቃቤ ሕግ ብሎ እስከ መጥራት ደረሰ።

ማኅበሩ ግን ሃያ ዓመት አልሞላውም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ከሰመ። ጋዜጦች ይሳለቁበት ነበር፤ ሐኪሞች ይጠሉት ነበር፤ ባለ ገንዘቦችም ከዕብዶች ጋር ስማቸው እንዲነሣ አልፈለጉም።

በ1879 ፍጹም የተለየ ማኅበር ተወለደ። በለንደን የኮልኒ ሃች የአእምሮ ሆስፒታል ቄስ የነበረው ሄንሪ ሆኪንስ፣ ታክመው ሲወጡ ዘመድና ማረፊያ የሚያጡ ድኻ ሴቶችን አይቶ የድኅረ ሕክምና እንክብካቤ ማኅበር አቋቋመ። ሴቶቹ የሚያገግሙበት ቤት ተፈለገላቸው፤ ሥራም ተገኘላቸው። ማኅበሩ ማንንም አልከሰሰም፤ ሐኪሞችም መኳንንትም ደገፉት። ስሙን ቢለውጥም እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። ሁለቱ ማኅበራት ጎን ለጎን ሲታዩ ትምህርቱ መራራ ነው፦ ሕመምተኛው ተረጂ ሆኖ ሲቀርብ ኅብረተሰቡ እጁን ይዘረጋል፤ ከሳሽ ሆኖ ሲቀርብ ግን ጆሮውን ይደፍናል።

ለመታመን የተከፈለ ዋጋ

በውቅያኖሱ ማዶ ክሊፈርድ ቢርስ ይህን ችግር በብልሃት ሊያልፈው ሞከረ። በ1876 በኒው ሄቨን ተወለደ፤ በየል ተማረ። በ1900 ራሱን ለማጥፋት ከመስኮት ዘለለ፤ ተርፎም በኮነቲከት ሦስት ሆስፒታሎች ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። በዚያም ድብደባና የማሰሪያ ጃኬት አየ። በ1908 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም፣ የፐርሲቫልን ዕጣ የሚያውቅ ያህል፣ ብቻውን አልወጣም። የዘመኑ ታላቅ የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ የምስክርነት ደብዳቤ ሰጠው፤ ሐኪሙ አዶልፍ ማየር «የአእምሮ ንጽሕና» የሚለውን ስም ለእንቅስቃሴው አቀበለው። በዚያው ዓመት የኮነቲከት ማኅበር፣ በ1909 ደግሞ ብሔራዊው ኮሚቴ ተመሠረተ። በ1930 በዋሽንግተን በተጠራው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከሃምሳ በላይ አገሮች ተወከሉ።

ቢርስ ታመነ፤ ነገር ግን በነጻ አልታመነም። ኮሚቴው በሐኪሞች እጅ ገባ፤ አጀንዳውም በሆስፒታል ውስጥ ካለው ሰው ወደ መከላከል፣ ከመብት ወደ ሳይንስ ዞረ። ከኮሚቴው ሰዎች አንዳንዶቹ በዘመኑ ፋሽን በነበረው የዘር ማሻሻል አስተሳሰብ ተጠልፈው ሕሙማን እንዳይወልዱ የሚያደርጉ ሕጎችን እስከ መደገፍ ደረሱ። በአንድ ሕመምተኛ ጩኸት የተጀመረ ንቅናቄ ሌሎች ሕሙማንን አደጋ ላይ ሊጥል ቻለ ማለት ነው። ቢርስ ራሱ በ1939 እንደገና ሆስፒታል ገባ፤ በ1943 እዚያው ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ማኅበሩ በየሆስፒታሉ ሕሙማን ይታሰሩባቸው የነበሩ ሰንሰለቶችንና የእጅ ብረቶችን ሰብስቦ በባልቲሞር አቅልጦ ደወል አስወጣቸው። ደወሉ ዛሬም የድርጅቱ ዓርማ ነው።

የማዲሰን ወላጆች

በ1955 በአሜሪካ የሕዝብ የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ 559,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ፣ እኅቱ ሮዝመሪ በ1941 በተደረገላት የአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት ለዘለቄታው የተጎዳችበት ሰው፣ ሆስፒታሎቹን በየአካባቢው በሚሠሩ ማዕከላት ለመተካት የሚያስችለውን ሕግ ፈረመ። ሆስፒታሎቹ ተራገፉ፤ ከታሰቡት 1,500 ማዕከላት ግን የተሠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀረውን ሸክም ቤተ ሰብ ተሸከመው። በዚያ ላይ ስኪዞፍሬንያ ከእናት አስተዳደግ የሚመጣ ነው የሚለው ትምህርት ገና አልጠፋም ነበርና ወላጆች ሸክሙንም ወቀሳውንም አንድ ላይ ተሸክመው ኖሩ።

በዊስኮንሲን ማዲሰን ከተማ ሁለት እናቶች የጀመሩት ስብስብ በ1979 ከየግዛቱ የመጡ ቤተ ሰቦችን ጠርቶ ዛሬ «ናሚ» በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀውን ብሔራዊ ኅብረት ወለደ። ወላጆቹ የፐርሲቫልንም የሆኪንስንም ሥራ በአንድ እጅ ያዙ፤ እርስ በርስ ይጽናናሉ፣ ያስተምራሉ፣ ደግሞም የምክር ቤት አባላትን በር ያንኳኳሉ። በሜምፊስ በ1987 ፖሊስ አንድ ሕመምተኛ ወጣት ከገደለ በኋላ የከተማው የናሚ ቅርንጫፍ ከፖሊስና ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ በ1988 ልዩ የፖሊስ ሥልጠና አስጀመረ፤ ሥልጠናው የአርባ ሰዓት ሲሆን ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። በ2008 ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሽፋን ለአካል ሕመም ከሚሰጠው እንዳያሳንስ የሚያዝዝ የፌዴራል ሕግ ወጣ። ሕጉ በሁለት ሴናተሮች ስም ይጠራል፦ ዶሜኒቺ ልጁ፣ ዌልስቶን ወንድሙ በዚህ ሕመም የተፈተኑ ሰዎች ነበሩ። የፓርቲና የአስተሳሰብ ልዩነታቸውን ያቻቻለው የቤታቸው ምሥጢር በአደባባይ መነገሩ ነው።

ይህም መንገድ እንከን አላጣም። በ2009 በሴኔት በኩል የተደረገ ምርመራ ናሚ ከሚያገኘው ልግስና እጅግ ከፍ ያለው ድርሻ ከመድኃኒት አምራቾች የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ከሆስፒታል የወጡ ሰዎች ያቋቋሟቸው ቡድኖችም፣ በተለይ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ ሕክምናን በተመለከተ፣ «የወላጅ ድምፅ የሕመምተኛው ድምፅ አይደለም» ብለው ተለይተው ቆሙ። በእነዚህ ሁለት ትችቶች ውስጥ ለማንኛውም ተሟጋች ማኅበር የሚቀርቡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ገንዘቡ ከማን ነው? የሚናገረውስ ማነው?

አማኑኤል፣ መቄዶንያ፣ አዋጅ 621

በኢትዮጵያ ለአእምሮ ሕመም የመጀመሪያዎቹ አገልግሎት ሰጪዎች ቤተ ሰብ፣ ጸበልና የእምነት ቦታዎች ናቸው፤ ዛሬም ለብዙዎች እንዲሁ ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ፤ ስሙም በከተማው ወሬ መሳለቂያ እስከ መሆን ደረሰ። በአገር ውስጥ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ትብብር ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በቡታጅራ ከ68,000 በላይ ሰዎችን በየቤታቸው የዳሰሰ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ ካለባቸው መካከል እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ገልጦ ነበር።

በዚህ ባዶ ቦታ ላይ የሆኪንስ መንገድ በኢትዮጵያዊ ልግስና ለመለመ። በቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሰዎችን ከጎዳና አንሥቶ በሺሕ ያስጠልላል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መርሑም ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ዋሽንግተንና ዱባይ ይታወቃል። አጋር ኢትዮጵያ ከዓረብ አገሮች ተጎድተው የሚመለሱ እኅቶችን ተቀብሎ ያስታምማል። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ እንዲህ ያለ ቤት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አገር ሁሉ አይቷል።

የፐርሲቫል መንገድ ግን በሕግ ተዘግቶ ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዓ.ም. በሰብአዊ መብት፣ በአካል ጉዳተኞችና በሕፃናት መብት ላይ የመሥራትን ፈቃድ ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር የማይበልጠውን ብቻ ከውጭ ለሚያገኙ ኢትዮጵያውያን ማኅበራት ለየ። የአገር ውስጥ ልግስና ለተሟጋች ማኅበር እምብዛም በማይዘረጋበት አገር የዚህ ውጤት ግልጽ ነው፦ ማብላት ይፈቀዳል፤ የሚበላው ሰው ለምን ጎዳና እንደ ወደቀ መጠየቅ ግን ፈቃድ ያሳጣል። ነገሩን የሚያስደንቀው፣ አዋጁ በወጣ በዓመቱ፣ በ2010፣ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ማጽደቋ ነው። ስምምነቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ይጨምራል፤ መንግሥታትም ሕግና ፖሊሲ ሲያወጡ ወኪል ማኅበራቸውን በቅርብ እንዲያማክሩ ያስገድዳል። በአንድ እጅ የማማከር ግዴታ ተፈረመ፤ በሌላው እጅ የሚማከረው ማኅበር ስንቅ ተቈረጠ።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ዓ.ም. ያን ክልከላ አነሣ። ዛሬ በሕጉ ፊት መሟገት ይቻላል፤ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበርም አለ። ይሁን እንጂ ሕግ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ልማድ ግን አይሻርም። ልማዱ የሰጪውም ነው። በቀጥታ ስርጭት የሚታይ፣ ከጎዳና ተነሥቶ የታጠበ ሰው ልብን ይነካል፤ ገንዘብም ያመጣል። በአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት በዓመት ስንት ወር እንደሚጠፋ የሚመዘግብ፣ ያለ ፈቃዱ የተያዘ ሰው አቤት የሚልበትን ሥርዓት የሚያረቅቅ፣ ለአእምሮ ጤና የተመደበው ብር ምን ላይ እንደ ዋለ የሚጠይቅ ማኅበር ግን ካሜራ የሚገባበት ነገር የለውም። የሚያስፈልገውም ገንዘብ ከመጠለያ ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፦ ቢሮ፣ ጥቂት ባለሙያ፣ አንድ ጠበቃ።

መጠለያው አይነቀፍም፤ ዛሬ ሌሊት ብርድ ላይ የሚያድር ሰው የፖሊሲ ለውጥ እስኪመጣ አይጠብቅም። ዳሩ ግን ከጎዳና የሚነሡት ሰዎች ቍጥር እያደገ መሄድ ማዕከሉን የሚያስመሰግነውን ያህል ሥርዓቱን የሚያስጠይቅ ነው፤ ጠያቂ ከሌለ ግን ምስጋናው ብቻ ይቀራል። ከዳያስፖራው ብዙዎች በሚኖሩባቸው አገሮች የኢንሹራንሱን ሕግ ያስወጡት፣ የፖሊሱን ሥልጠና ያስጀመሩት፣ የቤታቸውን ጉዳይ ወደ አደባባይ ያወጡ ቤተ ሰቦችና ሕሙማን ናቸው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሕግ ጥላ ሥር የሚኖር ሐበሻ ቤተ ሰብ የታመመ ልጁን ከዘመድና ከእድር ሸሽጎ ሲያስታምም ይገኛል። ለአገር ቤት የሚላከው ብር ከሚላክበት ቤት ውስጥም ዝምታው አለ።

ጆን ፐርሲቫል ከማቆያው ከወጣ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖረ፤ ከእነዚህም አብዛኛውን ለሌሎች ሲሟገት አሳለፈ። ከእኩለ ቀን በጣም ያለፈ ጊዜ ነው።