ባቡሩ ሐረርን ጥሎ ሲያልፍ



በ2023 መጨረሻ ትልልቅ የኮንቴይነር መርከቦች ጥቃት ፈርተው ቀይ ባሕርን በመተው አፍሪካን መዞር ጀመሩ። የመርከብ መንገድ ሲቀየር ገበያ እንደሚቀየር ሐረር ከብዙዎች ቀድማ አይታዋለች። (ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ድሮ የሐረር ወደብ ዘይላ ነበረች። ቡናውና ቆዳው በግመል ወርዶ ባሕር ይሻገራል፤ ጨርቁ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ከተማይቱ በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ እስከማውጣት ደርሳለች።

በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ ቀይ ባሕርም የአውሮፓ መርከቦች ጎዳና ሆነ። ፈረንሳዮች ጅቡቲን ወደብ አደረጓት። ከዚያ የተነሣው ሐዲድ ግን የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደው፤ በ1902 ከሥር፣ ሜዳው ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ እንዲህ ተወለደች። መጀመሪያ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር። ገበያው ሳይበቃ ስሟንም ሊወስዱባት ነበር ማለት ነው!

የግብፅ ጦር በ1875፣ የምኒልክ ጦር በ1887 ሐረር ገብተዋል፤ ከሁለቱም በኋላ ንግዷ ቀጥሏል። በእኛ አስተያየት ገበያዋን ከሠራዊቱ ይልቅ የጎዳው ሐዲዱ ነው። ብዙ ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ፣ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። የግመሉ መንገድ ጭር አለ፤ ዘይላም ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ሆና ቀረች።