«ሲስተም የለም» እና ከዚያ ወዲያ፦ የኦንላይን ጌም አበልጻጊዎች ስለ ቴክኒክ ብልሽት ለተጫዋቾች የሚነግሩት

በባንክ መስኮት ፊት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የምትለውን አጭር መልስ ያውቃታል። መልሷ ውሸት አይደለችም፤ ግን ምንም አትነግርም። የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ ቆሞ መጠበቁ ይሻል እንደሆነ ወይም ነገ መመለሱ፣ ከእሷ የሚገኝ ፍንጭ የለም። ደንበኛውም አይከራከርም፤ የሚከራከርበት ነገር አልተሰጠውምና። ይህ መጣጥፍ ከባንክ መስኮት እጅግ የራቀ ወደሚመስል መስክ ይሄዳል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወትባቸው ኦንላይን ጌሞች ሲበላሹ አበልጻጊዎቹ ለተጫዋቾቻቸው ምን ይላሉ? ከሚሉትስ ውስጥ የትኛው ይታመናል?

የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው። የብልሽት መግለጫ ክብደት የሚመዘነው በይቅርታው ብዛት አይደለም፤ በፍጥነቱም ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ ራሱ ሊፈትሸው፣ ሐሰት ከሆነም ሐሰትነቱን ሊያሳይበት የሚችል ነገር በመያዙ ነው።

ስለ ድርጅቶች ይቅርታና ማስተባበያ የሚያጠኑ ምሁራን ሁለት ሰዎችን ደጋግመው ያነሳሉ። ዊልያም ቤኖይት እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ሥራ ስሙ የጎደፈ አካል የሚይዛቸውን መንገዶች በአምስት ከፍሏቸዋል፦ መካድ፣ ኃላፊነትን ማሸሽ፣ የጥፋቱን ክብደት ማቅለል፣ ማስተካከያ መውሰድ፣ ጥፋትን አምኖ ይቅርታ መጠየቅ። ቲሞቲ ኩምብስ ደግሞ ሕዝቡ ድርጅቱን የሚያየው እንደ ተጎጂ ነው፣ ሳያስበው እንደሳተ ነው ወይስ ማስቀረት እየቻለ እንዳጠፋ ነው የሚለው ለምላሹ ወሳኝ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሁለቱም ግን የተሠሩት ስምን ለማዳን ነው። በጌም ላይ ግን የሚጨመር ነገር አለ። አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሞተሩን አይነካም። የጌም ተጫዋች ግን የሞተሩ አካል ነው። መግባት ሲያቅተው በየሰከንዱ ደጋግሞ የመግቢያውን ቁልፍ ከተጫነ የተጨናነቀውን ሰርቨር ይብስ ያጨናንቀዋል። ስለዚህ ለእሱ የሚነገረው ቃል ከጥገናው ተለይቶ አይቆምም፤ ራሱ የጥገናው ክፍል ነው። የጌም ዓለም ከሌላው የሚለይበት ዋና ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

ይህን በጉልህ የሚያሳየው «ፋይናል ፋንታሲ 14» የተባለው የጃፓኑ ስኩዌር ኤኒክስ ጌም ነው። «ኤንድዎከር» የተሰኘው ማስፋፊያው በዲሴምበር 2021 ሲለቀቅ የገባው ሕዝብ ከታሰበው በላይ ሆነና ተጫዋቾች ለሰዓታት ወረፋ ያዙ። ብዙዎቹም በወረፋው መሐል የስህተት ቁጥር 2002 እየመጣባቸው ተባረሩ። የጌሙ ዳይሬክተር ናኦኪ ዮሺዳ በስሙ እየፈረመ ረጃጅም ማብራሪያዎች ጻፈ። በአንድ የዳታ ሴንተር በር ላይ የሚጠብቀው ሰው 17,000 ሲያልፍ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ ሲባል ከዚያ በላይ የሆነው ሆን ተብሎ እንደሚመለስ ነገራቸው። ተጫዋቹ ቶሎ ተመልሶ ከገባ ተራው እንደሚጠበቅለት አስረዳ። አዳዲስ ሰርቨሮች ያልተተከሉት ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን በዓለም አቀፉ የሴሚኮንዳክተር እጥረት ዕቃው ባለመገኘቱ እንደሆነም ገለጸ።

17,000 የሚለውን ቁጥር ያወቀ ተጫዋች ሞደሙን እያጠፋ አያበራም፤ ጌሙንም አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ሌሊቱን አያባክንም። ጥፋቱ ከቤቱ እንዳልሆነ ያውቃል። ሌላም ነገር በእጁ ገብቷል፦ መለኪያ። በዳታ ሴንተሩ የሚጠብቀው ሰው ከዚያ ቁጥር ብዙ ባነሰበት ሰዓት ከተባረረ የተሰጠው ማብራሪያ እንደማይበቃ ተረድቶ ጥያቄውን ይዞ ይመለሳል። ዮሺዳ ይህን ሲጽፍ ራሱን ለጥያቄ እያጋለጠ ነበር። ካሳው ከቃሉ ጋር መሄዱም መልካም ነው። በመጀመሪያ የ7 ቀን፣ ቆይቶም የ14 ቀን ነፃ የመጫወቻ ጊዜ ተሰጠ። ከሁሉ የከበደው ግን ኩባንያው የራሱን ጌም መሸጥ ለጊዜው ማቆሙ ነው፤ ሽያጩ ዳግም የተከፈተው በጃንዋሪ 25 ቀን 2022 ነው። ገበያ ደርቶለት ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ ብዙ አይታይም።

ሮብሎክስ የገጠመው ከዚህ የባሰ ነበር። በኦክቶበር 28 ቀን 2021 ከቀትር በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ሰዓት፣ መላው መድረክ ወደቀና ለ73 ሰዓታት ሳይመለስ ቀረ። ያኔ በየቀኑ 50 ሚሊዮን ያህል ተጫዋች የሚገባበት ቦታ ነበር፤ ወቅቱም ልጆች ለሃሎዊን የሚዘጋጁበት ቅዳሜና እሑድ ነበር። በእነዚያ ቀናት የወጡት ማስታወቂያዎች ጥቂትና አጫጭር ነበሩ፤ ችግሩን እናውቀዋለን፣ እየሠራንበት ነው የሚል ነበር ጭብጣቸው። ክፍተቱን ወሬ ሞላው። ብልሽቱ በጀመረበት ቀን ቺፖትሌ የተባለ የአሜሪካ ምግብ ቤት በጌሙ ውስጥ ነፃ ቡሪቶ የሚያድል ዝግጅት ነበረውና ሮብሎክስን የጣለው ቡሪቶው ነው የሚለው ቀልድ በአንድ ሌሊት ዓለምን ዞረ። ኩባንያው ብልሽቱ ከየትኛውም ዝግጅት ወይም ሽርክና ጋር እንደማይገናኝ መናገር ግድ ሆነበት። ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው ጥርት ያለ ቃሉ መንስኤው ምን እንዳልሆነ የሚናገር ነበር።

ለዝምታው ግን ከንቀት ሌላ ምክንያት ነበረው፤ ኋላ እንደታወቀው መሐንዲሶቹ ራሳቸው አያዩም ነበር። ሰርቨሮቹን የሚከታተለው መሣሪያ የቆመው በተበላሸው ሥርዓት ላይ ነበርና አብሮ ታወረ። ይህን የምናውቀው ኩባንያው በጃንዋሪ 2022፣ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ባወጣው የድኅረ ብልሽት ሐተታ ነው። ሐተታው በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ ግልጽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ18,000 የሚበልጡት ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚፈላለጉት ኮንሱል በተባለ ሶፍትዌር ነበር። የኮንሱል አዲስ የውሂብ ማስተላለፊያ ዘዴ፣ ንባብም ጽሑፍም በበዛበት ሰዓት፣ በራሱ ላይ ተጨናነቀ። ብልሽቱ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይህ ዘዴ ትራፊክ በሚመራው ክፍል ላይ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። በላዩ ላይ ቦልትዲቢ የተባለው የውስጥ መዝገብ የራሱን እንከን ጨመረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ የተሳሳቱትን ሙከራዎች አለመደበቃቸው ነው። በመጀመሪያ ዕቃው አርጅቷል ብለው አንዱን ማሽን ቀየሩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥለው ባለ 128 ኮር ማሽኖች አመጡ፤ ባሰበት። ኃይለኛው ማሽን መጨናነቁን አባባሰው እንጂ አላቃለለውም። አዲሱን ዘዴ በኦክቶበር 30 ሲያጠፉት ኮንሱል ተነፈሰ። ከዚያም በሩን በአንድ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ ተጫዋቹን በ10 በመቶ፣ በ10 በመቶ እያስገቡ መድረኩን መለሱ። ስህተቱን በተራ የሚቆጥር ጸሐፊ መደምደሚያውን ለማመን ያስደፍራል፤ ሌላ መሐንዲስም ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሊፈትሸው ይችላል። የኮንሱል ሠሪዎች የሆኑት የሃሺኮርፕ መሐንዲሶች በምርመራውም በሐተታውም ተሳትፈዋል፤ ደንበኛ አቅራቢውን፣ አቅራቢም ደንበኛውን ሳይከስ አብሮ መጻፉ በሶፍትዌሩ ዓለም እንኳ ብርቅ ነው።

ነገር ግን ሐተታው የተጻፈው ለማን ነው? የሮብሎክስ ተጫዋች በብዛት ሕፃን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ቦልትዲቢ አያነብም። አንባቢው መሐንዲሱ፣ በመድረኩ ላይ ጌም እየሠራ ገንዘብ የሚያገኘው ፈጣሪ፣ እንዲሁም በማርች 2021 በኒው ዮርክ ገበያ የኩባንያውን አክሲዮን የገዛው ባለሀብት ነው። ለፈጣሪዎቹ የጠፋባቸውን ገቢ እንደሚያካክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴቪድ ባዙኪ ወዲያው ቃል ገብቷል። ለልጁ የደረሰው ግን የቡሪቶው ቀልድ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ሦስት ወር ሲያድር ግን የሚጠራው እውነት መጀመሪያ ለጠየቀው ሰው አይደርስም። ሮብሎክስ በኋለኛው ጽሑፉ አርአያ፣ በፊተኛው ዝምታው ግን ደካማ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ሊፈተሽ የሚችል ማብራሪያ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። በማርች 2013 የወጣው «ሲምሲቲ» ለብቻ ቢጫወቱትም እንኳ ከሰርቨር ጋር ሳይገናኝ አይከፈትም ነበር። ሰርቨሮቹ ከመጀመሪያው ቀን ሞልተው ተጫዋቹ በራሱ ከተማ በር ላይ ቀረ። ጫናውን ለማቅለል የጌሙ ፈጣኑ የሰዓት ፍጥነት ሳይቀር ተነሣ። የጌሙ አበልጻጊ የማክሲስ ኃላፊ ሉሲ ብራድሾው የስሌቱ ብዙ ክፍል በኩባንያው ሰርቨሮች ላይ እንደሚሠራና ያለ ኢንተርኔት ለማጫወት ከባድ የምሕንድስና ሥራ እንደሚጠይቅ አስረዱ። ይህ ፍሬ ያለው የቴክኒክ ቃል ነው፤ «ሲስተም የለም» አይደለም። ችግሩ ሊፈተሽ መቻሉ ነበር፤ ተፈተሸም። በቀናት ውስጥ ኮድ የሚነካኩ ተጫዋቾች ከሰርቨሩ ተለይቶም ከተማው እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። ለተጎዱት ነፃ ጌም ታደለ፣ ይቅርታም ተጠየቀ፤ ከቤኖይት አምስት መንገዶች ብዙዎቹ ተሞክረዋል። የተሰበረው እምነት ግን አልተጠገነም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ዓይነት የመጣው በማርች 2014፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ማብራሪያ ጭራሽ የዘገየበት ምሳሌም አለ። ሶኒ በኤፕሪል 2011 የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን በ20ኛው ቀን ዘግቶ የተጫዋቾች የግል መረጃ እንደተወሰደ የተናገረው በ26ኛው ቀን ነው። የ77 ሚሊዮን አካውንት ባለቤቶች በእነዚያ ስድስት ቀናት የይለፍ ቃላቸውን መቀየር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። እዚህ ላይ የሚመረመር ማብራሪያ ስለሌለ የሚጨመር ትንታኔም የለም።

አንዳንዶች ደግሞ ማብራሪያውን ከወረቀት አውጥተው በጌሙ ውስጥ ተከሉት። የአይስላንዱ ሲሲፒ የሚያስተዳድረው «ኢቭ ኦንላይን» ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ መርከቦች በአንድ የጠፈር ክልል ሲዋጉ ሰርቨሩ ትእዛዝ መቀበል ያቅተው ነበር፤ አንዱ ተኩሶ ሳይተኮስለት፣ ሌላው ሸሽቶ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ኩባንያው ከ2012 ጀምሮ ያመጣው መላ ጊዜን ማርዘም ነው፤ ጫናው ሲበዛ በዚያ ክልል የጌሙ ሰዓት ለሁሉም እኩል ይዘገያል፣ እስከ መደበኛው ፍጥነት አሥር በመቶ ድረስ። የመዘግየቱን መጠን የሚያሳይ ምልክትም በተጫዋቹ ስክሪን ላይ አለ። በጃንዋሪ 27 ቀን 2014 የጀመረውና ቢ አር 5 አር ቢ በተባለው ሥርዓተ ፀሐይ የተካሄደው ጦርነት 21 ሰዓት ያህል የፈጀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ማንም ሰርቨሩ ከጠላቴ ጋር አብሮ ወጋኝ ብሎ በቀላሉ ሊያማርር አልቻለም፤ መዘግየቱ ለሁሉም የሚታይና ለሁሉም እኩል ነበርና። የፎርትናይት ተጫዋቾች በኦክቶበር 2019 ለሁለት ቀን ያህል ከጥቁር ጉድጓድ ሥዕል በቀር ሌላ ነገር ሳያዩ የቆዩበት ጊዜም ትዝ ይለኛል። እሱ ግን ብልሽት አልነበረም፤ ለአዲስ ምዕራፍ ማስጀመሪያ የተቀመረ ዝምታ ነበር። ዝምታም የሚሠራው ታቅዶ ሲሆን ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ የሚያየው በሌላ ማዕዘን ነው። ማርክ እና ካጃል ክሌይፑል በ2006 ባሳተሙት ጥናት በተኳሽ ጌሞች ውስጥ መዘግየት 100 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሲደርስ የተጫዋቹ ብቃት መጎዳት እንደሚጀምር አሳይተዋል። ሰርቨሩ አውሮፓ፣ ተጫዋቹ ኢትዮጵያ ከሆነ መንገዱ ብቻ ይህን ወሰን ለመሙላት ይቃረባል፤ አገሪቱ ወደብ ስለሌላት መስመሩ የሚወጣው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙው በቀይ ባሕር ሥር ይሄዳል፤ በፌብሩዋሪ 2024 በርካታ ኬብሎች የተበጠሱበት ባሕር ነው። የሰርቨሮችን ሁኔታ የሚያሳየው የአበልጻጊው ሰሌዳ በእንዲህ ያለ ቀን ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑን በአረንጓዴ ያሳያል። አይዋሽም፤ ሰርቨሩ ደኅና ነው። ብልሽቱ በሰርቨሩና በተጫዋቹ መካከል ሲሆን ግን የሚናገርለት አካል የለም። እስከ ቴሌኮሙ ድረስ ያለውን መንገድ ለክቶ የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ በጌሙ ውስጥ ቢኖር ከብዙ ይቅርታ ይበልጥ ነበር።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። «ኢቭ ኦንላይን» በየቀኑ ለጥገና የሚዘጋው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በ11:00 ነው፤ ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑ ነው። ሌሎች ማስታወቂያዎች በፓሲፊክ ሰዓት ይወጣሉ። ተጫዋቹ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ያመጣል፣ ከዚያ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል፤ አንዱን ከዘለለ ምሽቱን በተዘጋ በር ላይ ያሳልፋል።

እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ የአገር ውስጥ አበልጻጊዎች ሥራቸው እየሰፋ ሲሄድ የብልሽት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ምን እንደተበላሸ፣ እስካሁን ምን ተሞክሮ እንዳልሠራ፣ ቀጣዩ ቃል መቼ እንደሚወጣ በአማርኛና በሌሎቹ የአገር ቋንቋዎች ይጻፉ፤ ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ያስቀምጡት።