ድንጋይ፣ ቃጫ ወይስ ውሃ? የገላ ፍግፈጋ አጭር ታሪክ

ስለ ሰበቃ ሲነሣ የመሐንዲስ ሐሳብ ወደ ዘንግና ወደ ኩሽኔታ ያመራል። ይሁን እንጂ ከማናቸውም መኪና በፊት የሰው ልጅ ሰበቃን በገዛ ገላው ላይ ሲጠቀምበት ኖሯል። እድፍንና የሞተ ቆዳን ለማስወገድ የተመረጡት ዘዴዎች ታሪክ አላቸው፤ ታሪኩም ለሙያችን የሚነግረው ቁም ነገር አለው።

የቆዳችን የላይኛው ቀንዳማ ሽፋን በአብዛኛው የአካል ክፍል ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ በመዳፍና በተረከዝ ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ሽፋኑ ሳይነኩትም እየረገፈ ይታደሳል። የሰውነት ውሃ በከንቱ እንዳይተንና ተሕዋስያን እንዳይገቡ የሚከላከለውም እርሱ ነው። ስለዚህ የሚፋቀውን ያህል የሚተወውም መታሰብ ይኖርበታል።

የጥንት ሮማውያን ገላቸውን ዘይት ቀብተው በቆልማማ የብረት መፋቂያ ይጠርጉ ነበር፤ ፑሚስ የተባለውንም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቆዳን ለማለስለስ ተጠቅመውበታል። ይህ ድንጋይ በስምጥ ሸለቋችን በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ የማኅበራችን አባላት የሚያውቁት በብሎኬትና በፖዞላና ሲሚንቶ ነው። ብርጭቆ መሰል በመሆኑ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ወደ 6 ይጠጋል። ለወፍራም ተረከዝ ይበጃል፤ ለስስ ቆዳ ግን አይስማማም።

በደቡብ ምዕራብ፣ ከሸዋ ቤንች እስከ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ባለው የቡናና የእንሰት ምድር፣ ሁለተኛው ዘዴ ከጓሮ ይገኛል። እንሰት ተፍቆ ቆጮው ከተለየ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ለገመድና ለምንጣፍ፣ እንዲሁም ለማጠቢያ ይውላል። ቃጫ ሲርስ ይለሰልሳል፤ የእጅንም ጫና በብዙ ክሮች ላይ ስለሚያከፋፍል እንደ ድንጋይ አይቧጥጥም።

ሦስተኛው ዘዴ ማለስለስ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ወደ ሥፍራው የሳበው ፍልውሃ ነበር። ሙቅ ውሃ ቀንዳማውን ሽፋን ስለሚያርሰው ጥቂት ግፊት ይበቃዋል። በውጭው ዓለምም ቫን ስኮትና ዩ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 አልፋ ሃይድሮክሲ አሲዶች የቆዳን መጠንከር እንደሚገቱ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በመታጠቢያ ቅባቶች የተጨመሩት የፕላስቲክ ቅንጣቶች ግን ከማጣሪያ እያመለጡ ወደ ወንዝ በመግባታቸው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የሚያግድ ሕግ አወጣች።

የምርጫው ክብደት በይበልጥ የሚታየው በባዶ እግሩ ቀይ አፈር በሚረግጠው ገበሬ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት ከቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ጋር አያይዘውታል። የሕመሙን ማገርሸት የሚያባብሰው በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገባ ተሕዋስ ነው። ንቃቃቱን በሸካራ ድንጋይ አጥብቆ የሚፈገፍግ ሰው በሩን ይበልጥ ይከፍታል። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ እግርን በሚገባ ማጠብ፣ ማለስለሻ መቀባት፣ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የማገርሸቱን ድግግሞሽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ከዚህ የምንረዳው ሥርዓቱ ቀላል መሆኑን ነው፦ አስቀድሞ ማርጠብ፣ ቀጥሎ በለስላሳው መጀመር፣ ድንጋይን ለጤነኛና ወፍራም ተረከዝ ብቻ መተው፣ በመጨረሻም ቅባት መቀባት። የዚህ ሁሉ መነሻ ግን ውሃ ነው። ውሃ ከመንደሩ በራቀ ቁጥር ምክሩ ከወረቀት አያልፍም። ምንጭ የሚያጎለብት፣ ቧንቧ የሚዘረጋ መሐንዲስ፣ ሳያውቀው የቆዳ ሐኪም ረዳት ሆኖ ይሠራል፤ ዐውቆት ቢሠራው ደግሞ የቦኖው መውረጃ አጠገብ እግር መታጠቢያ ደረጃ ለማከል ጥቂት ሲሚንቶ አይነፍገውም።