ስድስት ወር

ሐርላ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ስለ ግዙፎቹ ሰዎች ነው። ያን የሚያክል ድንጋይ እንደኛ ያለ ሰው አያነሳውም ይሏችኋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ቆፍረው ያገኙትን ይፋ ሲያደርጉ ግዙፍ ሰው አልነበረበትም። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጣ ዕቃ፣ 300 ያህል ሰው ያረፈበት መቃብር ነበር።

እኔን የያዘኝ መቃብሩ ነው። በወጉ መቀበራቸውን አፈሩ ይናገራል። ከዚያ በፊት ማን አገላበጣቸው፣ ማን ውሃ አጠጣቸው? ይሄ በቁፋሮ አይወጣም።

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ስንል ሁለቱን አንድ ላይ እንመርቃለን። ማኅበር ያቋቋምነው ግን ለሁለተኛው ነው። ድሬና ሐረር አፎቻ አለ፣ ሌላው ጋ ዕድር። ድንኳኑም ወንበሩም የሚመጣው ነፍስ ከወጣ በኋላ ነው። የመጨረሻዎቹ ወራት ለልጅ፣ ለጎረቤት ወይ ለማንም ተትተዋል።

እነዚያ ወራት ገንዘብ እንደሚሸቱ ሕግ አውጪው ያውቅ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሟች ከመሞቱ በፊት በነበሩት 6 ወራት ያከመው ሐኪም ወይም በመንፈሳዊ አገልግሎት የረዳው ሰው በኑዛዜ ያገኘውን ስጦታ ፍርድ ቤት እንዲቀንስ ወይም እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። ሐኪምና ቄስ ተጠረጠሩ ማለት ነው። የወንድም ልጅ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የሚገርመው አሜሪካኖችም 6 ወር ላይ ነው የቆሙት። ሲስሊ ሳውንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ሆስፒስ ስትከፍት ነገሩ ምጽዋት ነበር። በ1983 የአሜሪካ ሜዲኬር፣ ከ6 ወር በላይ አይቆይም ለተባለ ታማሚ በቀን ሒሳብ መክፈል ጀመረ። አስቡት፦ ክፍያው በቀን ከሆነ፣ ቶሎ የሚሞት ሰው አያዋጣም። የሚያዋጣው የማይሞተው ነው! ስለዚህ መልማዮች ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ደህና አዛውንት ያስፈርሙ ጀመር። የካሊፎርኒያ ዋና ኦዲተር በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ የሆስፒስ ድርጅቶች ቁጥር ከ2010 ወዲህ 1,500 በመቶ አድጓል። ቪታስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ፣ በ1978 አንድ ቄስና አንዲት ነርስ የመሠረቱት፣ ሊሞቱ ላልተቃረቡ ሰዎች አስከፍሏል ተብሎ ተከሶ፣ ጥፋቱን ሳያምን፣ በ2017 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ንግድ የለም። በእ.ኤ.አ. 2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመም ያስታግሳሉ፤ የሚመዘብሩት የቀን ክፍያም የለም። «ተመስገን» ለማለት ግን አልቸኩልም። ሌብነቱ ቢሮ ስላልከፈተ ነው የማይቆጠረው።

ድሬ ውስጥ የማውቃቸው አንዲት እማማ ነበሩ። አልጋ ላይ ሲቀሩ የወንድማቸው ልጅ መጣ። አጠባቸው፣ አበላቸው፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ አስታመማቸው። በሦስተኛው ወር ውክልና አስፈረማቸው፤ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚል ቃል ያለበት። ለመድኃኒት ገንዘብ ማውጫ መስሏቸው ነበር። ቤቱ የተሸጠው እሳቸው እዚያው ቤት ተኝተው ነው። ኑዛዜ ስላልሆነ የ6 ወሩ አንቀጽ አይነካውም። ውክልና ደግሞ ሞት ያቆመዋል፣ ስለዚህ ልጁ የቸኮለው በምክንያት ነው።

ሲሞቱ አፎቻው በሰዓቱ ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ለቅሶ ደራሽ የሚቀበለው እሱ ነበር፤ እኔም ተራዬን ጠብቄ «ያጽናህ» አልኩት።