የተሻጋሪ ግንባታ ወሰን፦ ከፒዲፒ-7 እስከ ዴቢያን



የዛሬው ንግግሬ አንድ ስርዓተ ክወና ከሚሠራበት ኮምፒውተር ውጭ፣ በሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ሲገነባ የሚነሣውን ጥያቄ ይመለከታል። ይህን አሠራር «ተሻጋሪ ግንባታ» እለዋለሁ፤ ጥያቄውም ድጋፉ የት ያበቃል የሚል ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከዩኒክስ ልደት ጋር ይጀምራል። በ1969 በቤል ላብስ ኬን ቶምፕሰን ለፒዲፒ-7 የሚሆኑትን ፕሮግራሞች ያዘጋጀው በጂኢ-635 ላይ ነበር። ኮዱ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳል፤ ጥብጣቡም በእጅ ወደ ፒዲፒ-7 ይወሰዳል። ይህ የቀጠለው ከርነሉ፣ ኤዲተሩ፣ አሰምብለሩ፣ ቀላል ሼልና ጥቂት አጋዥ ፕሮግራሞች እስኪጠናቀቁ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዩኒክስ በራሱ ላይ ይገነባ ጀመር። እንግዲህ የመጀመሪያው ወሰን «ስርዓቱ ራሱን እስኪችል» የሚል ነበር።

በ1993 የተመሠረተው ኔትቢኤስዲ ይህን ወሰን አሰፋው። ፕሮጀክቱ ቫክስንና ኤም68ኬን የመሰሉ አሮጌ ፕሮሰሰሮችንም ይደግፋል፤ በእነዚህ ላይ መላውን ስርዓት መገንባት እጅግ አዝጋሚ ነው። በ2002 ከወጣው 1.6 እትም ጋር የመጣው ቢልድ ዶት ኤስኤች የተባለው ስክሪፕት መጀመሪያ የራሱን ኮምፓይለርና መሣሪያዎች ይገነባል፤ ከዚያም በእነርሱ ስርዓቱን ያወጣል። በመሆኑም ገንቢው ኮምፒውተር የግድ ኔትቢኤስዲ መሆን የለበትም። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፦ ስክሪፕቱ የሚገነባው ከርነሉንና መሠረታዊ ስርዓቱን እንጂ ከውጭ የሚመጡትን ሺህ ፕሮግራሞች አይደለም።

ዴቢያን ሌላ መንገድ መረጠ። ጥቅሎቹ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹም በግንባታ መካከል ትንሽ ፕሮግራም አስነሥተው ውጤቱን ያነብባሉ፤ ለሌላ ፕሮሰሰር የተዘጋጀ ፕሮግራም ደግሞ በገንቢው ላይ አይነሣም። ስለዚህ ይፋዊ ጥቅሎች በሚሠሩበት የፕሮሰሰር ቤተሰብ ላይ ይገነባሉ፤ ተሻጋሪ ግንባታ በዋናነት አዲስ ፕሮሰሰርን ለማስጀመር ያገለግላል። በ2013 በዊዚ እትም የገባው መልቲአርች የተለያዩ ፕሮሰሰሮችን ላይብረሪዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቢያስችልም፣ ይህን ደንብ አልለወጠም።

ይህ የቴክኒክ ዝርዝር ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኤም68ኬ በ2007 ከወጣው የዴቢያን ኤች እትም ውጭ ሆነ፤ ገንቢ ማሽኖቹ ከጥቅሎቹ ፍጥነት ጋር እኩል መራመድ አለመቻላቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ኔትቢኤስዲ ግን ያንኑ ፕሮሰሰር መደገፉን ቀጠለ። ወሰኑ የተሰመረበት ቦታ ማን በስርዓቱ ውስጥ እንደሚቆይ ይወስናል ማለት ነው።

ሆኖም የዴቢያን ምርጫ ስንፍና አይደለም። በራሱ ላይ የሚገነባ ስርዓት ከርነሉን፣ ኮምፓይለሩንና ማኅደረ ትውስታውን ለሰዓታት ይፈትናል። በሌላ ማሽን የተገነባው ግን ምንም ስሕተት ሳያሳይ ተጠናቅቆ፣ በታለመለት ማሽን ላይ ላይነሣ ይችላል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ወሰን የሚያስምር ፕሮጀክት በየትኛው ማሽን እንደሚገነባ፣ ለየትኛው እንደሚገነባና የትኛውን ክፍል እንደሚያጠቃልል በጽሑፍ ያስቀምጥ። አራተኛውንም አይርሳ፦ ውጤቱን በእውነተኛው ማሽን ላይ የሚፈትነው ማን ነው? ለዚህ መልስ ከሌለ ወሰኑን ማጥበብ ይሻላል።

መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።