የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን የማን ነበር?

ስለ ጀብዱ ልብ ወለድ፣ ስለ ታሪክ ምሥጢርና ስለ ሂስ

ለፈተና ከሚያነበው ይልቅ ከፈተና ሸሽቶ የሚያነበው የሚበልጥበት ተማሪ ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የመጨረሻ ገጹ የጠፋ የጀብዱ መጽሐፍ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲዞር ይከርማል። ስለ መጽሐፉ ሲወራ ግን ሂሳችን ከሁለት ፍርድ አያልፍም፤ ወይ «ይጥማል» ነው፣ ወይ «ውሸት ነው»። ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ነው እንላለን። ልብ ወለድ የፈጠራ ነገር መሆኑን ደራሲው ራሱ ገና ከሽፋኑ ነግሮናል። ይህን መልሶ ለደራሲው መንገር ሂስ አይባልም። መጠየቅ ያለበት፣ ፈጠራው ማንን ባለቤት አደረገ? ማንንስ ከገዛ ቤቱ አስወጣ? የሚለው ነው።

ጥያቄውን በባዶ ሜዳ ከምናወራው በአንድ የታወቀ ጉዳይ እንየው። ጉዳዩ የታላቋ ዚምባብዌ የድንጋይ ከተማ ነው። ሩቅ ቢመስልም የኛዋ ንግሥተ ሳባ ስሟ ሳትጠየቅ ገብቶበታልና ከኛም ጋር ዝምድና አለው። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1875፣ በ19 ዓመቱ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በቅኝ አስተዳደሩ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው። በ1877 እንግሊዝ ትራንስቫልን ወደ ግዛቷ ስትቀላቅል ፕሪቶሪያ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል እጁ ነበረበት። አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1885 «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን»ን፣ በ1887 ደግሞ «እሷ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። በመጀመሪያው መጽሐፍ አለን ኳተርሜይን የተባለ አዳኝ ከጓደኞቹ ጋር አንድ የጠፋ ሰው ፍለጋ ይወጣል። የሚመራቸው አንድ ፖርቱጋላዊ ሊሞት ሲል በገዛ ደሙ የሳለው ካርታ ነው። በረሃ አቋርጠው፣ በረዶ የለበሰ ተራራ ወጥተው፣ ኩኩዋና ከሚባል ሕዝብ አገር ይደርሳሉ፤ እዚያም አልማዝ የተከማቸበት ዋሻ ያገኛሉ። «እሷ» ደግሞ ከምናብም ምናብ ነው። ሕዝቡ ካለቀ ብዙ ዘመን ባለፈው ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ሁለት ሺህ ዓመት የኖረች ነጭ ንግሥት ተቀምጣ አፍሪካውያንን ትገዛለች።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ካርታው፣ ጥማቱ፣ የዋሻው በር ሲዘጋ የሚሰማው ጭንቅ፣ ሁሉም እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው። ሃጋርድ ኩኩዋናዎቹንም ጨርሶ አላዋረዳቸውም፤ ሠራዊታቸው ሥርዓት አለው፤ ከስደት የሚመለሰው ንጉሣቸውም ኩሩ ሰው ነው። ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአገራቸው በድንጋይ የተጠረበ ሰፊ ጎዳናና ግዙፍ ሐውልት አለ። ይህን ማን ሠራው? ቢባል የመጽሐፉ ነጮች የሚገምቱት ከሰሜን የመጡ፣ ስማቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የተያያዘ ጥንታውያንን ነው። ኩኩዋናዎቹ በአገሩ ይኖሩበታል እንጂ ሠሪዎቹ አይደሉም። ተከራይ ተደርገዋል ማለት ነው።

ይህን ግምት ሃጋርድ ከራሱ አልፈጠረውም። የፖርቱጋሉ ጸሐፊ ዧዎ ደ ባሮስ በ1552 ባሳተመው ታሪክ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ መሐል አገር ስላለ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰሎሞን ወርቅ የመጣበት የመጽሐፍ ቅዱሱ ኦፊር ያ አገር ይሆን? የሚል ወሬ ሲያያዝ ኖሯል። በ1871 ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ ተጓዥ ከቦታው ደረሰ። ያየው የሚያስደነግጥ ነው። ያለ ምንም ማያያዣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ ግንብ ነው፤ የትልቁ አጥር ዙሪያ 250 ሜትር ያህል፣ ከፍታውም እስከ 11 ሜትር ይደርሳል። ማውክ ከበሩ ጉበን ላይ የእንጨት ስንጣሪ ቆርጦ ከእርሳሱ እንጨት ጋር አስተያየው። ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ሽታውም ደስ የሚል፣ እንደ እርሳሱ ነው። እርሳሱ የዝግባ ዘር ነው፤ እንግዲያው ጉበኑም ዝግባ ነው፤ ዝግባ ከሆነ ከሊባኖስ ነው የመጣው፤ ከሊባኖስ ከመጣም ያመጡት ፊንቄያውያን ናቸው፤ እንግዲህ ይህ ቤት ንግሥተ ሳባ ኢየሩሳሌም ላይ ያረፈችበትን ቤተ መንግሥት አስመስላ ያሠራችው ነው! እንዴ! ከአንዲት ስንጣሪ ተነሥቶ እስከ ሳባ! እንጨቱ ግን እዚያው አካባቢ የሚበቅል የአገሩ ዛፍ ነበር።

ልብ ወለድ ብቻውን አገር አይዝም። አገር የሚይዘው ጠመንጃና ውል ነው። ሆኖም በ1890 የሴሲል ሮድስ የብሪታንያ ደቡብ አፍሪካ ኩባንያ ሰዎቹን አስታጥቆ ወደ ማሾናላንድ ሲዘልቅ፣ ሃጋርድን አንብቦ ያደገ የእንግሊዝ ወጣት አገሩን ገና ሳያየው በልቡ ያውቀው ነበር። ባለቤቱ የሞተበት፣ ወርቁ የሚጠብቀው አገር ነው ብሎ ነበር የሚያውቀው። በ1891 ቴዎዶር ቤንት በኩባንያው ድጋፍ ፍርስራሹን ቆፈረ። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም ሠሪዎቹ ከዓረቢያ የመጡ ናቸው አለ። በ1895 ደግሞ «ጥንታዊ ፍርስራሽ» እየፈተሸ ወርቅ እንዲለቅም ፈቃድ የተሰጠው ማኅበር ተቋቋመ። በአካባቢው ባሉት ሌሎች ፍርስራሾች ከመቃብር ጭምር የወጣ ጌጥ እየቀለጠ ተሸጠ።

ከ1902 እስከ 1904 የታላቋ ዚምባብዌ ጠባቂ ሆኖ የተሾመው ሪቻርድ ሆል ከዚህ የባሰ ሠራ። የጥንቱን ሥራ አጠራለሁ ብሎ በግንቦቹ መካከል የተከማቸውን አፈር፣ የአፍሪካውያንን የቤት ወለልና የሸክላ ስብርባሪ፣ እንደ ጥራጊ ዝቆ አወጣው። መርማሪ ሆኖ የተላከ ሰው ገና ከመድረሱ የደሙን ነጠብጣብ ቢያጥብ ምን ይባላል? ሆል ያጸዳው ምስክሩን ነበር።

እውነተኛው ምርመራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1905 ዴቪድ ራንዳል ማካይቨር መጥቶ ግንቡንና በውስጡ የተገኘውን ዕቃ አገናዝቦ ሥራው የመካከለኛው ዘመን፣ ሠሪዎቹም አፍሪካውያን ናቸው አለ። ሰፋሪዎቹ ጮኹበት። በ1929 ጌርትሩድ ኬተን ቶምሰን በሴቶች ብቻ የተቋቋመ ቡድን ይዛ ሄደች። ሆል ባልደረሰበት፣ አፈሩ ባልተነካበት ቦታ ከግንብ ሥር ቆፈረች። ከታች ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል፤ ከግንቡ መሠረት በታች የተቀበረ ዕቃ ከግንቡ በኋላ ሊሆን አይችልም። መሬቱ የመሰከረው ለአገሩ ሰዎች ነበር። በዛሬው ዕውቀት ከተማዋ ከ11ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በሾና ሕዝብ አባቶች የተሠራች፣ ከህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ጋር በወርቅ ንግድ የተሳሰረች ናት።

ነገሩ ግን በማስረጃ ብቻ አላለቀም። በ1965 የነጮቹ መንግሥት ሮዴዥያን በራሱ ሥልጣን ነጻ ነኝ ካለ በኋላ፣ ግንቡን አፍሪካውያን ሠሩት ብሎ በግልጽ መናገር የመንግሥት ሠራተኛን የሚያስጨንቅ ነገር ሆነ። የቅርስ ተቆጣጣሪው ፒተር ጋርሌክ በ1970 ሥራውንም አገሩንም ጥሎ ወጣ። በ1980 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ ስሟን ከእነዚያው የድንጋይ ቤቶች ወሰደች፤ ከፍርስራሹ የተገኘውን ከድንጋይ የተቀረጸ ወፍም በባንዲራዋ ላይ አኖረች። «ልብ ወለድ ነው፣ ምናለበት!» ለሚሉን ይህ በቂ መልስ ይመስለናል።

ታዲያ የጀብዱ መጽሐፍ ይቃጠል ወይ? በጭራሽ! የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ራሱ ጀብዱ ነው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ታቋርጣለች። እኛ የምንለው፣ ጀብዱን ስናነብ የታሪክ ምሥጢር ልብ ወለዶች የሚያስተምሩትን ጥርጣሬ ይዘን እንግባ ነው። ቁፋሮና ምርመራ ዘመዳሞች ናቸው። አጋታ ክሪስቲ በ1930 ያገባችው የመሬት ቁፋሮ ሊቅ ነበር፤ በ1944 ያሳተመችውንም አንዱን የግድያ ምርመራ ክርስቶስ ከመወለዱ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ቀድሞ በነበረው ግብፅ ላይ ነው ያቆመችው።

ከነዚህ መጻሕፍት ሁለቱን እንመዝን። የጆሴፊን ቴይ «የጊዜ ልጅ» በ1951 የወጣ ነው። እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ የፖሊስ መርማሪ የእንግሊዙን ንጉሥ የሪቻርድ 3ኛን ሥዕል ያያል። ይህ ፊት የወንድሙን ልጆች የሚያስገድል ሰው ፊት ነው? ብሎም ከአልጋው ሳይነሣ ክሱን እንደገና ይከፍታል። የመጽሐፉ ጉልበት አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፤ ይህን የነገረን ማነው? እሱስ ያኔ የት ነበር? ስለ ሪቻርድ ክፋት ብዙ የተጠቀሰው ቶማስ ሞር፣ ንጉሡ በ1485 ሲሞት ገና ሕፃን ልጅ ነበር። ይህ ለማንኛችንም የታሪክ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። ጉድለቷ ግን እዚያው አጠገቡ ነው። ቴይ የከሳሾቹን ቃል እንደምትጠራጠር የራሷን ሰው የፊት ንባብ አትጠራጠርም። የሪቻርድ አፅም በ2012 ሌስተር ከተማ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ሲወጣ የአከርካሪ አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ስለ ጀርባው የተወራው መነሻ ነበረው ማለት ነው። ልጆቹን ማን ገደላቸው? ለሚለው ግን አጥንትም ፊትም አይመልስም።

የኡምቤርቶ ኤኮ «የጽጌረዳዋ ስም» (1980) ከዚህ ይጠልቃል። በ1327 በኢጣልያ አንድ ገዳም መነኮሳት ተራ በተራ ይሞታሉ፤ የባስከርቪሉ ዊልያም የሚባል መነኩሴ ይመረምራል። ሟቾቹ በዮሐንስ ራእይ ቅደም ተከተል የሚሞቱ ይመስላል፤ እሱም ያንን ሥርዓት ተከትሎ ይሄዳል። ገዳዩን ለማታውቁት አንነግራችሁም። መጨረሻ ላይ ግን መርማሪው እውነቱ ላይ የደረሰው በሌለ ሥርዓት ተመርቶ መሆኑን ራሱ ያምናል። ብዙ የላቲን ጥቅስና የሃይማኖት ክርክር ስላለበት መጽሐፉ አንዳንዴ ይከብዳል፤ አንባቢውን ሆን ብሎ ያደክማል። ግን ማውክን ከነእርሳሱ የሚገልጠው ይህ ነው። ዊልያም የፈለገውን ሥርዓት በሟቾች ላይ አነበበ፤ ማውክም የፈለጋትን ንግሥት በአንዲት ስንጣሪ ላይ አነበበ። ልዩነታቸው ዊልያም መልሶ ራሱን መጠየቁ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የንግሥተ ሳባ ስም ከዚምባብዌ ግንብ ጋር ሲነሣ ደስ የሚለው ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። «ይኸው፣ እስከዚያ ድረስ ገዝተናል!» ይላል። ደስታው ሳይታወቀው ከነሆል ጋር ያሰልፈዋል። በሳባ ስም ሥራቸውን የተነጠቁት ሾናዎች ናቸውና። ያው ቴዎዶር ቤንት በ1893 ወደኛ አገር መጥቶ አክሱምንና የሓን አይቶ መጽሐፍ ጽፏል። የሓ ላይ ግን የሳባ ፊደል በድንጋይ ተቀርጾ ቆሟል፤ ከደቡብ ዓረቢያ ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚመሰክረው ጽሑፉ ራሱ ነው። ዚምባብዌ ላይ እንዲህ ያለ አንድ መስመር አልተገኘም። በአንዱ ቦታ ማስረጃ፣ በሌላው ምኞት ነበር፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መያዝ ለኛም አይበጅም።

ለምን ቢሉ ዱላው ወደኛም ዞሯል። በ1992 ግሬሃም ሃንኮክ ስለ ጽላተ ሙሴ ባሳተመው መጽሐፍ ላሊበላን በማነጹ ሥራ የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች፣ ቴምፕላሮች፣ እጅ ሳይኖርበት አይቀርም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። መጽሐፉ ልብ ወለድ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ምሥጢር ልብ ወለድ ይነበባል፤ የተነበበውም ስለዚህ ነው። መንገዱ የታወቀ ነው፤ አንድ የመስቀል ቅርጽ ይታያል፣ ሩቅ አገር ካለ ምልክት ጋር ይመሳሰላል፣ ከዚያ ሠሪው ይለወጣል። በትግራይ ገደል ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲፈለፍል የኖረው የአገሩ ጠራቢ አይጠየቅም። የገድሉን ትረካ ተመልከቱ፤ መላእክት ወርደው ሠሩ ሲል እንኳ ሠራተኛውን አይሰርዘውም፤ መላእክቱ ከሰዎቹ ጋር ነው የሚሠሩት። ከቴምፕላሩ ተረት ይልቅ የኛ ተአምር ለጠራቢው ፍትሐዊ ነው!

እንግዲህ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ጀብዱም ስለ ምሥጢርም ልብ ወለድ ሂስ ለምትልኩልን ጓደኞቻችን አደራ የምንለው ቀላል ነው። ይጥም እንደሆነ ንገሩን፤ ይህ መብታችን ነው። ከዚያ ቀጥላችሁ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ግንብ ማን እንደሠራው፣ ወርቁን ማን ይዞ እንደሄደ፣ በስም የሚጠሩት እነማን፣ «ሕዝቡ» ተብለው የሚታለፉት እነማን እንደሆኑ ጻፉልን። መርማሪው አንድ ምልክት አግኝቶ ሲፈነድቅ ያ ምልክት ሌላ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ጠይቁት። ማውክ ካጠገቡ የቆመውን የአገሩን ሰው ይህ የምን ዛፍ ነው? ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልሱን ለማግኘት ሊባኖስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።